መሸጎጫ

ዓርብ ነው። ፈርዋኒያ፣ ሊፍቱ የቆመበት፣
አምስተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ሴት ያለንበት
አንዲት ክፍል አለች።
ከአልጋዬ ሥር ካርቶን፦ መፍቻ፣ ጥጥ፣ የጥርስ ብሩሽ፤
የሞተ ስልክ የያዘች ሁሉ፣ "ሩቂያ፣ አለሽ?"
ብላ ታንኳኳለች።

ዛሬ ተዋበች ናት። በጥቁር ፌስታል የታሰረ፣
እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ ላፕቶፕ ይዛለች፤
የማዳሟ ልጅ ለትምህርት ለንደን ሲበር
ጥሎት የነበረ።
"ብራውዘሩ ገደለኝ" አለች፣ ሻርፗን እያላላች፤
"አንድ ገጽ እስኪከፍት ሩዝ ጥጄ አወጣለሁ፤
ሲከፍትልኝ ደግሞ እኔ ተኝቻለሁ።"

ጀርባውን ፈታሁት። ማራገቢያው ታፍኗል፤
የኩዌት አቧራ ከድመት ፀጉር ጋራ
እንደ ጭድ ተጠቅጥቆ ጉሮሮውን ዘግቷል።
"ይሄም ይተነፍሳል?"
"ይተነፍሳል እንጂ። ሲታፈን ይግላል፣
ሲግል ይጎተታል፤
እንደ እኔና እንዳንቺ።"

ጠርጌ ገጠምሁት፣ ከዋይፋይ አገናኘሁት።
አርባ ሦስት ታብ ተከፍቶ አገኘሁት፤
እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተው፣
ስማቸው እንዳይነበብ ጠብበው።
"ለምን አትዘጊም?"
"ብዘጋው መልሼ አላገኘውማ።"

"ይሄስ?" "የቆርቆሮ ዋጋ፣ የደሴ፣ የካቻምና።"
ዘጋሁት።
"ይሄስ?" "የዐረብኛ ቃል ነው፣ ማዳም የሰደበችኝ፤
ትርጉሙን ስፈልግ። ተይው፣ ኋላ ገባኝ።"
ዘጋሁት።
"ይሄስ?" "የአውሮፕላን ትኬት፣ ለፋሲካ ብዬ።"
"ለየትኛው ፋሲካ?"
ዝም አለች።
ዘጋሁት።

ልጁ የለጠፋቸው ተቀጥላዎችም አሉ፣
የጌም፣ የቅናሽ፣ የምን እንደሆኑ ያልታወቁ፤
ኪራይ የማይከፍሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ
ሲያወሩ የሚያድሩ ደባሎች።
አንድ በአንድ አስወጣኋቸው።
እኛ ክፍል ቢሆን እንዲህ አይቀልም።

ቋንቋውን አማርኛ አድርጌላት ነበርና
"መሸጎጫው ይጽዳ?" ሲል ማሽኑ ጠየቀ።
ፊቷ ተለወጠ። "የኔን ነው?" አለችኝ።
የሷ መሸጎጫ ከማድቤቱ ኋላ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን የተነጠፈች
አንድ ፍራሽ ናት፤ አውቃታለሁ።
"የሱን ነው" አልኋት።
ሳቅን። ተጫንሁት።

አንድ ታብ ቀረ።
"ይቺን እንዳትነኪ!"
ካርታ ነው፣ ከሰማይ የታየ፤
ኩታበር፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ከጽድ ዛፎቹ በታች።
"ቤቴ እዚህ ጋ ነው" አለች፣ በጣቷ እየነካች።
"ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ይጠራል ስል ይቆማል፣
አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ያሳየኛል።
ወንድሜ ግን ጨርሶታል፤ ሰርቪሱን ሳይጨምር አራት ክፍል፣
ቆርቆሮው ከአሻጋሪ ተራራ ያበራል ይላል።"

እንደገና ጫንሁት።
እፍ እንዳሉት አመድ ጭጋጉ በነነ፤
መንገዱ መንገድ፣ ወንዙም ወንዝ ሆነ፤
የጎረቤት ክምር፣ የጎረቤት በረት፣
የዛፍ ጥላ ሳይቀር ወጣ በየመልኩ።
የሷ ጣት ካረፈበት
ሣር ነው።
ሣርና የድንጋይ ቁልል።

"ፎቶው የድሮ ነው" አልኋት ቶሎ ብዬ።
"ሳተላይት እንደኛ ሊፍት ነው፣ ሲለው ነው የሚመጣ።"
ከግርጌ፣ በደቃቅ ቁጥር፣ ዓመቱ ተጽፏል።
አየሁት።
ስክሪን የምወለውል መስዬ
አውራ ጣቴን አሳረፍሁበት።

ኤሲው ጠብ ጠብ ይላል። መስኮቱ በአቧራ ቀልቷል።
"ፈጠነ" አለች ቆይታ። "በጣም ፈጠነ።"
ሁለት ዲናር አወጣች፤ እንቢ ብላት
እጄን ከፍታ አስጨበጠችኝ።
ፌስታሉን ቋጥራ፣ በሩ ጋ ስትደርስ
ዞር አለች።
"ሩቂ፣ እንደ በፊቱ
ቀስ እንዲል ማድረግስ ይቻላል?"

ሊፍቱ እንደቆመ ነው።
ወፍጮ መጇን አቅፋ፣ በግድግዳው በኩል፣
ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋ እስኪጠፋ ሰማሁ፤
አትቸኩልም።