ጠቅታ

ምድር ቤት ነው ስቱዲዮዬ፣ ከቸርችል አናት ታጥፎ፣
ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን በሙጫ ተለጥፎ።
ቀን ጥሩንባ አለ፣ ወያላ አለ፣ የሚፈርስ ቤት አለ፤
የምቀዳው ማታ ነው፣ መንገዱ ዝም ካለ።

ትርሲት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፣ ጊታር በጀርባዋ አዝላ፣
ያን ዳገት፣ ያን የማያልቅ፣ ባራት ዕረፍት ከፋፍላ።
(ሲደክማት፣ ሱቅ መስኮት ላይ ቆማ ጫማ ታያለች፤
ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ልትገዛ ትመስላለች።)
«ውሃ ልስጥሽ?»
«ቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሼ ይድረስብኝ።»

ዘፈኑ የራሷ ነው።
የጻፈችው ጥቁር አንበሳ፣ ወረፋ ላይ፣ በካርዷ ጀርባ፣
አንድ ስንኝ ሲወጣት፣ አንድ በሽተኛ ሲገባ።
የሷ ተራ ሰባ አንድ፤ ዘፈኑ ስልሳ ላይ አለቀ፤
የቀረውን አሥር ሰው፣ ዜማው ከንፈሯ ላይ ጠበቀ።

ዘፈነች።
ስትጨርስ፣ ካዳመጫዬ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ፤
ከቃሏ ሥር፣ ከክሩ ሥር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ተነሣሁ።
የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ አወጣሁ፣ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣
የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቅሁ፣ እንደገና ቀዳሁ።
ጠቅ፣ ጠቅ።
«ሰዓት አስረሻል?» ባዶ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ሳቀች፤
«አትልፋ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጉሮሮዬን ትንሽ አመመኝ፣
ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ።
ለካስ አልሄደም፣ ወርዶ ነው፤ ልቤ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣
የልቤን በር ሲግጥ ኖረ፣ ስድስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ።
አሁን የብረት ነው በሩ፤ ሲከፈት ጠቅ፣ ሲዘጋ ጠቅ፤
ታክሲ ውስጥ አይቻለሁ፣ ሰው የራሱን ሰዓት ሲነቀንቅ።
ደሜን ክኒን አቅጥኖታል፤ ክር ጣቴን የቆረጠኝ ለታ፣
ከዘፈኑ ይረዝማል፣ ደሙ እስኪያቆም ያለው ቆይታ።
ስለ ልጅ ጠይቄያቸው፣ ‹እናያለን› አሉኝ።»
ይኼን ብላ ዝም አለች።
ያንኑ ጉሮሮዋን ጠረገች።
«በል፣ ቅዳ።»

ሌሊቱን ጠቅታ ለቀምኩ፣ ጠጠር ከምስር እንደሚለቅም፤
ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት፤ አንድም አላመለጠኝም።
ላሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ጠራ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ፤
ግን ዘፈኑ ይንገዳገዳል፣ የቆመበት እግር ወልቆ።
ያኔ ነው የገባኝ፣ አዝማቹ ላይ ለምን እንደምትፈጥን፤
ምት የሳተች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልቧ ነው የሚመጥን።
አንድ ባንድ መለስኩት። ኮራሁም፣ አልዋሽም፤
ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ፣ እንቅልፍም አላማረኝም።

«ይቆይ» አልኳት በማግሥቱ። «ይኼ ነው የዘፈኑ እውነቱ።»
አዳመጫውን አወለቀች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ በዝግታ።
«ላንተ ያምራል።
እኔ ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ እሰማዋለሁ፣ ቀንም ማታም፤
እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ታዳምጠዋለች፤ ቆመ ብላ ስትፈራ፣ እሷም አትተኛም።
አራት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ።
አራት ደቂቃ፣ እሱ የሌለበት ቦታ።
አውጣው።»

አወጣሁት።
ዓይኗን ጨፍና ሰማችው፣ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜ፤
እኔ ከወንበሬ፣ በዚያ ዝም ባለ ክፍል፣ ሰማሁት ደግሜ፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከማልሰማው ዘፈን ጋር፣ ምንም ሳያዛንፍ።
አልነገርኳትም።

«ሂሳቡ ስንት ነው?» ከፈለች፤ የጎደለውን በቴሌብር ላከች።
በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋት፣ ጊታሯ እየራቀ ሲወርድ።
ጫማው መስኮት ጋ ስትደርስ ቆመች።
ቁልቁለት ነው፤ አልደከማትም።
ቀይዋን ነው የምታየው።