ሰባተኛው ቀፎ

ሐኪሟ የጻፈችው ወረቀት ተጣጥፎ፣
ኪሴ ውስጥ ከረመ፣ ሦስት ሳምንት አልፎ።
«ይረዳህ ይሆናል፤ ውሳኔው ግን ያንተ»፤
የሚወስነው ልብ እሱ አይደል የሞተ?

ድራጎ ወንድሜ፦ «እንጨት ፍለጥ፣ ተነስ፤
በክኒን ነው እንዴ የሰው ልብ የሚታደስ?»
ፈለጥኩኝ። ፈለጥኩኝ። ክምሩ ጣራ አከለ፤
ጫማ ላስር ስል ግን
እጄ እምቢ አለ።

ትናንት፣ የቦሂን ሐይቅ በረዶ ሳይሟሟ፣
ከሰባተኛው ቀፎ የሲቃ ድምፅ ተሰማ።
ስኳር በማር ለውሼ ከአናታቸው አኖርኩ።
«ሰነፍ» አላልኳቸውም፤ «ታገሉ» አላልኩም፤
ለምን ደከማችሁ ብዬ አልመረመርኩም።

«ይቺን ይዛችሁ ቆዩ» አልኩ፣ «እስከ አበባ።»
እጄ፣ ሳላዘው፣
ኪሴ ውስጥ ገባ።