የማሊያ አጣቢው

እኔ ዜፌሪኖ ነኝ፣ የማሊያ አጣቢው፣
ላብና እንባቸውን ባንድ ባልዲ አስገቢው።
ሠላሳ አንድ ዓመት አሸሁ፣ ጨመቅሁ፤
ሰዉን ከፊቱ አይደል፣ ከልብሱ አወቅሁ።

ከፖርቶ ሰሜን ናት፣ ይች የኛ ከተማ፣
ከደወሉ ቀድማ ሳይረን የምትሰማ፤
ሌሊት ጀልባ ሲደርስ፣ ፋብሪካው ሲጣራ፣
ሴቱ ሽርጡን ታጥቆ የሚሮጥ ለሥራ።

አሮጌው አማዴው፣ ነፍስ ይማር፣ ሲጀምር፣
አንድ ቦይለር ነበረው፣ አንድ ጎባጣ በር።
«ጣሳ ሁለቴ ቁጠር፣ ሰው አንዴ እመን» ይላል፤
ለቡድኑ ገንዘብ? ዓሣ ይልክልናል።
አሸንፈን ስንመጣ፣ አሥር ኪሎ ሰርዲን፤
ተሸንፈን ስንመጣ፣ ያው አሥር ኪሎ ሰርዲን።

ሞተ።
ልጁ ከሊዝበን መጣች፣ ቤልሚራ፤
ሐዘኗን ሳታወጣ ደብተሩን መርምራ።
«ትሸጠዋለች» ተባለ፣ መጠጥ ቤት ተወራ።
አልሸጠችም። ጨመረች።
ሁለተኛ ፋብሪካ ከድልድዩ ማዶ፣
ሦስተኛው ከባሕር ወዲያ፣ አጋዲር ተወልዶ፤
ያያቷን ጢም አስላ ጣሳው ላይ ለጠፈች፣
እስከ ኦሳካ ድረስ በመርከብ ሰደደች።

ቀጥላ እኛን ገዛች፤
ዕዳችንን፣ ሣራችንን፣ የሚያፈስ ጣራችንን፣
አንካሳ አጥቂያችንን፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮናችንን።
መልሕቅ ነበር ድሮ ደረታችን ያለው፤
አሁን የጣሳ ስም ነው፣ በቀይ የተጻፈው።
ሽማግሎች ጮኹ፣ ቄስ ይዘው ወረዱ፤
ሣሩ ሲለመልም ትኬት ገዝተው ሄዱ።

ከዚያ ማሽን መጣ፣ የዓሣ አንገት የሚቆርጥ፣
የማይታመም፣ የማያረግዝ፣ ለአፍታ የማይቀመጥ።
ስድሳ ሴት ተሸኘች፣ በፖስታና በሰዓት።
ሚስቴ ኦቲሊያ አንዷ ናት።
ጣቷ ላይ ያለውን የመቀስ ጠባሳ
ሳትቆጥር ነው የወጣች፣ እሷ ስንት ጣሳ
ቆጥራላቸው።

ሰኞ ትረግማታለች፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም፤
እሁድ ግን ለእርግማን ጊዜ የላትም።
ትሪቡን ላይ ወጥታ፣ ቀይ ሻሿን አስራ፣
ከሁሉ በላይ ትጮኻለች፣ ከነምሬቷ ጋራ።

ዛሬ ዝናብ ጣለ። ለማደግ ጨዋታ።
አንድ ለአንድ ነን፤ ዘጠናው ሊሞላ ሲል፣ ፊሽካ፤
ፍጹም ቅጣት ምት፤ ጸጥታ።
የግራሲንዳ ልጅ ነው ኳሷን ያስቀመጠ፣ ኔሊዩ፤
እናቱም ከስድሳው ናት፤ ፊቷ ተለወጠ።

ሁሉ ዓይን ወደ ግብ። እኔ ወደ ክብር ወንበር
አየሁ፤ ቤልሚራ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።
ፊቷ ወደ ሕዝቡ፣ ከንፈሯ ይነቃነቃል፤
ትቆጥራለች። አንዴ። ደግማ። አባቷን ይመስላል።
የምትቆጥረው ምን እንደሆነ ባላውቅም፣
ዓይኗ ከሴቶቹ መደዳ አልወጣም።
ኳሷ መረብ ስትመታ፣
ስታዲየሙ ሲፈነዳ እንኳ፣ አልዞረችም ለአፍታ።

ማታ፣ ርችቱ ሲያልቅ፣ ማጠቢያ ቤት መጣች፤
ብቻዋን። የኔሊዩን ማሊያ ከክምሩ አወጣች፤
ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ «ሽታው ይለቃል?» አለችኝ።
«የጭቃው?»
«የዓሣው።»
«ከልብስ ይለቃል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።
ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ፣
«ኦቲሊያ ደኅና ናት?»

ሳሙና ጨመርኩ። ክዳኑን ዘጋሁት።
በሷው ገንዘብ የተገዛው ማሽን መዞር ጀመረ፤
እሷ መልስ እየጠበቀች፣
እኔ ውሃው ሲሞላ እየሰማሁ፣
ቆምን።