የወጋና ያወጋ

በሱዡ ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ዳሩን፣
ሼን ቦሊን ሲከፍት የእንጨቱን በሩን፣
ሃምሳ ዓመት አለፈው። ማለዳ፣ ማለዳ፣
ድሮ በውሃ አፍልቶ፣ ዛሬ ከፓኮው አውጥቶ፣
መርፌውን ደርድሮ ይጠብቃል እንግዳ።

ይመጣል ጉልበቱን ጀልባ የጨረሰው፣
ይመጣል ወገቡን የሐር መዘውር ያጎበጠው ሰው፤
ይወጋል ቦሊን። ደግሞም ያወጋል።
«ዳክዬ በስንት ገባ? ልጅህስ ሻንጋይን ለምዷል?»
እያለ፣ እየሳቀ፣ ጣቱ ጅማት ሲዳስስ፣
መርፌው ገብቶ ያልቃል ወሬው ዳር ሳይደርስ።

ልጁ ሩዌይ ግን ከቁጥር ጋር አደገች፤
ታማሚ መደርደር፣ ማነጻጸር ተማረች፤
አንድ ቀን ሁለት ሳጥን ተሸክማ መጣች።
«አባባ፣ ይሄኛው ያንተው መርፌ ነው፤
ያኛው ግን ሐሰተኛ፣ ጫፉ የደነዘ፣
እንደ ቴአትር ጩቤ ወደ እጀታው የሚያፈገፍግ ነው።
ቆዳ ላይ ይቆማል፤ ሥጋ ግን አይቀምስም።
በሽተኛው አይለይም። ያንተም ፊት አይለወጥም።
የማን የቱ እንደሆነ ፖስታው ይነግርሃል፤
እኔም እስኪያልቅ አላይም። ከዚያ ይቆጠራል።»

«የማይወጋ መርፌ?
ባዶ ማንኪያ ጎርሼ ጠገብኩ ሊል ነው አፌ?»
ሳቀባት። ግን እሺ አላት፤ ኩራት ነበረው፤
እውነት ከተፈተነ የሚያሸንፍ መሰለው።

ስምንት ወር ሙሉ እጁ ሲዋሽ ከረመ፤
በማይወጋ መርፌ እያወጋ አከመ።
እውነቱን ሲወጋ እጁን አንዴ ይታጠባል፣
ሲዋሽ ግን ሦስት ጊዜ በሳሙና ይፈትጋል።

ሉ አገን ነበረ፣ የጥንት ጀልባ ቀዛፊ፣
ጉልበቱ የዛገ ማጠፊያ፣ ለደረጃ ተሸናፊ።
ፖስታው «ሐሰት» አለ። ቦሊን አቀርቅሮ፣
ዓሣ ከቦዩ ስለመጥፋቱ፣ ስለ ዘንድሮ ኑሮ፣
ስለ ሟች ሚስቱ እንኳ፣ አንስቷት የማያውቀውን፣ አወጋው፤
በስድስተኛው ሳምንት ሉ አገን ድልድዩን ወጣው።
ወጥቶ ወረደ። ወርዶ ደግሞ ወጣ፤
ለቦሊን ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ።
«ያንተ መርፌ!» አለ፣ ጉልበቱን እያጠፈ፣ እየዘረጋ፤
ቦሊን ብርቱካኑን ላጠ። አልበላውም። እስኪነጋ
ጠረጴዛው ላይ ደረቀ።

በውጤቱ ቀን ሩዌይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ምንም ሳይደረግላቸው ተራ የጠበቁት ያው ናቸው፣ ሕመማቸውም ያው፤
የተወጉት ተሻላቸው።
የተወጉ የመሰላቸው፣ እነሱም ተሻላቸው፤
ፀጉር ብቻ ነው የሚያስገባ ክፍተቱ በመሐላቸው።»
«ስለዚህ?» አለ። «ስለዚህ መርፌው…» ብላ ጀመረች፤
አባቷ ፊት ሲቆም ቁጥሩ አሳፈራት፤ ተወች።

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ምን ነበር የወጋሁት?
መስመሩ፣ ነጥቡ፣ ጣቴን በልምጭ እየተገረፍኩ ያጠናሁት?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የእኛ አገር ተረት፤
ሳይወጋ ለሚያስታውስ ግን ምን ቃል አለን? እንጃ፤ የለንም ምናልባት።
እኔ ዕጢ በመርፌ ይሟሟል ከሚል ሰው ጋር የለሁም፤
ክኒኑን ጥሎ ሲመጣ አይቼ ዝም አልልም።
ግን ውጋት ጆሮ እንዳለው፣ ወግ ሲሰማ እንደሚለዝብ፣
ይሄን ከየትኛው ዓምድ፣ ከየትኛው ቁጥር ላንብብ?

በመከር አንድ ሌሊት ሩዌይን ራሷን ፈለጣት፣
ግማሹን ብቻ፤ ክኒን ዋጠች፤ አልለቀቃት።
ግድግዳ ይዛ፣ በጨለማ፣ አባቷ በር ደረሰች፤
«አባባ፣ ውጋኝ» አለች።
ሁለቱም ሳጥን መደርደሪያው ላይ፣ ጎን ለጎን።
ክዳን ሲከፈት ሰማች። የቱን?
ዓይኗን ጨፍናለች።
ጣቱ ቅንድቧን ዳሰሰ። «ያቺ ድመት» አላት፣ «ትዝ ትልሻለች?
የሐር ትል በልታ ያበጠች፣ አልቅሰሽ ሐኪም ቤት ይዘናት…»
ሳቀች፣ ሕመሙ መሐል፤ የሆነ ነገር ነካት፣
ትንሽ፣ እንደ ዝናብ ጠብታ።
ከግንቡ ማዶ ውሃ ተከፈተ፣ ቆይቶ ለአፍታ፤
እጁን ታጠበ። ቧንቧው ተዘጋ።
ዳግም ይከፈት እንደሆን ጆሮዋን አቁማ ስትጠብቅ
እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሌሊቱም ነጋ።