ሁለት ብሎን

ጃብሪያ ሰፈር ውስጥ፣ በማማ ሸይኻ ቤት፣
ግድግዳ ያቀፈው አንድ ሽማግሌ ብረት፣
ኩዌት ከገባሁ ጀምሮ ሲያጉረመርም ሲያድር፣
እያሳለ እያነጠሰ ቤት ሲያቀዘቅዝ ነበር።
ኬልስተር የሚል ነው ግንባሩ ላይ ስሙ፣
በሁለት ብሎን ታስሮ፣ ሰማያዊ ቀለሙ።

ታሪኩን ነግራኛለች። ከወረራው ማግስት
ቤቱ ራቁቱን ነበር፤ አልተረፈም አንዲት
ማንኪያ። ባሏ መጀመሪያ የገዛው ዕቃ ይህ ነው፤
አልጋ ሳይኖራቸው፣ ሲሚንቶው ላይ ተኝተው፣
ብርዱን ተካፈሉት።
ባልየው ሞተ። ልጆች አገቡ፣ ወጡ።
ብረቱ ቀረ።

ለእሷ ኬልስተር ማለት ቅዝቃዜ ማለት ነው፤
የመስጊዱንም ኤሲ ኬልስተር ነው የምትለው፤
የሐኪም ቤቱንም፣ የጎረቤቱንም።
ሌላ ስም በአፏ ገብቶ አያውቅም።

በሠላሳ ሁለተኛው ሙቀት፣ ግንቦት ማለዳ፣
አንዴ አስሎ ዝም አለ። ከዚያ ግድግዳ
ያወጡት አራት ወንዶች ናቸው፤ ላብ በላብ ሆነው
ጓሮ አጋደሙት። እኔም ሸኘሁት፣ እንደ ሰው።

ልጇ ባድር በማግስቱ አዲሱን ይዞ መጣ፤
ያው ስም፣ ያው ሰማያዊ። ከካርቶን ሲወጣ
አንድ ቀጭን ልጅ ብቻውን በትከሻው አስገባው።
ቅለቱ ነው መጀመሪያ ልቤን የከበደው።
እሷ ግን ፊደሉን በጣቷ ዳሰሰች፤
«አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ነው» አለች።

ነሐሴ። ውጭው ሃምሳ።
መጀመሪያ ፍራሿ ላይ ውሃ አንጠባጠበ፤
ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤
ከዚያ ምንም።
የዋስትና ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ።
«እባክዎ ይጠብቁ።» ሙዚቃ። የስልኬ ካርድ አበቃ።
የሸጠን ሱቅ፣ ባድር ሄዶ እንዳየው፣
ከሐምሌ ወዲህ ሽቶ ቤት ነው።

ከሐወሊ ኩሪያንን ጠራነው፤
የአሮጌውን ሆድ ዕቃ በጨለማ የሚያውቀው።
ከፈተ። አጎነበሰ። ቆየ።
«መዳቡ የታለ?» አለ፣ እኛን ሳይሆን ማሽኑን።
«ይኸ ብረት ነበር፤ እይው፣ በጥፍር ይቦጨቃል።»
ወሬውን ያውቃል ኩሪያን፦
ፋብሪካው ርካሽ እጅ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ፤
እዚያም ደመወዝ ሲጨምር ሌላ ባሕር ተሻገረ፤
በመጨረሻ ስሙን ብቻ፣ እንደ ሟች ኮት፣
ገበያ አወጡት።
ርካሽ እጅ ሲል ሁለቱን እጆቼን
ከኋላዬ ደበቅኋቸው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ያገሬ ሰው።
እውነት ነው። ማን እንደሚለብሰው ግን አልነገረን።

ያን ሌሊት ፍራሿን ሳሎን ጎተትኩላት፤
በኬልስተር ካርቶን እስኪነጋ አራገብኩላት።
«ሰልማ፣» አለች በጨለማው፣
«እናትሽ ማን ነበር የምትልሽ?»
ዘጠኝ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።
ሰልማ የተባልኩት ኤርፖርት ነው፤ ለአፍ ይቀላል ብለው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
ሁለተኛውን ያወጣልኝ ደላላው ነው።
«አልጣሽ» አልኳት።
ደገመችው። «ጣ» ላይ ምላሷ ተደናቅፎ ተነሳ።
«ምን ማለት ነው?»
አረቢኛዬ አልደረሰም፤
«ከእኔ በፊት ሁለት ቀብራ ነው» አልኩ ብቻ።
ዝም አለች። ካርቶኑ አየሩን መታ፣ መታ።

በሳምንቱ ባድር ሌላ አመጣ፤
ሌላ ስም፣ ሌላ አገር፣ ደህና የሚነፍስ።
«ይህን አላውቀውም» ብላ ፊቷን አዞረች፤
ባልቦላውን በእግሯ አልፋ ኮሪደር ተኛች።

ጓሮ ወረድኩ። አሮጌው ብረት አቧራ ለብሶ
ቆራሌውን ይጠብቃል።
በሽንኩርት ቢላ ሁለቱን ብሎን ፈታሁ፤
ስሙን አነሳሁት፣ በሳሙና አጠብኩት፣
አዲሱ ግንባር ላይ በማስቲሽ ለጠፍኩት።
ብሎኖቹ ተረፉኝ፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናቸው።

ገባች። በጣቷ ዳሰሰች። ጋደም አለች።
«ሰልማ፣» አለች ዓይኗን ጨፍና፣
«ኬልስተሩን ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረግሁት።