ወጣ ገባ

ከቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ ዳር ላይ፣
ቆርቆሮው በሚግል በእኩለ ቀን ፀሐይ፣
ብሩሽ እሠራለሁ፤
በሰው ጥርስ እኖራለሁ።

እጀታው ከማቅለጫው ለብ እንዳለ ሲወጣ፣
ማሽኗ ጸጉር ትተክላለች፤ ጣ! ጣ! ጣ!
ለያንዳንዱ ቀዳዳ አርባ ዘለላ ክር
(ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር)፤
ከዚያ ቢላው ይመጣል፣
እንደ ምልምል ወታደር አናቱን ይላጨዋል፣
አንዱ ካንዱ እንዳይበልጥ አስተካክሎ ያቆመዋል።
«ሜዳ ነው! ሜዳ ነው!» ይላል አቶ አራጋው፣
አለቃዬ፣ በመዳፉ እየደባበሰው።

አፍ ግን መቼ ሜዳ ነው?
አፍ ደሴ ነው እንጂ፤ ጦሳና አዝዋ ገደል፣
ሰርጥና ስንጥቅ የበዛው ባንዱና ባንዱ መሀል።
አንዲት የጤፍ ቅንጣት መንጋጋ ስር ገብታ፣
ሐረጎ ላይ እንደተሰበረ ተሳቢ
ታድራለች መንገድ ዘግታ።

ሉባባ ማሸጊያ ክፍል ናት። ፍንጭት ናት ሉባባ።
የአረፋ ማግስት፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ከልላ ስትገባ፣
«ምነው?» አልኳት።
«ሥጋ ነዋ፣» አለች፣ «የትናንቱ ሙክት።
ፍንጭት ፍንጭት እያላችሁ ታሞግሱታላችሁ፣
ማጽጃውን ማን ሠራለት? እስቲ ማናችሁ?
ይሄ ብሩሻችንማ ደጅ ደጁን ይጠርጋል፣ ወላሂ!
ጓዳ የሚባል አያውቅም።»

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ፣ ከጫማ ጠጋኞቹ ጎን፣
አጎቴ ሙሄ ማዳበሪያ ዘርግቶ ይሸጣል የወይራ መፋቂያውን።
አንዷን አንስቶ ጫፏን ባሉት ጥርሶቹ አኘካት፣
ተነፋች፣ ተበተነች፤ ጭራ አስመስሎ አወጣት።
አየኋት። አንዱ ቃጫዋ ረዝሟል፣ አንዱ አጥሯል፣
አንዱ ወደ ጎን ዞሮ ለብቻው አኩርፏል።
«እኩል ልከርክማት?» አልኩት።
«ኧረ ወዲያ! አብደሃል?
አጭሩ ፊት ፊቱን ሲይዝ፣ ረጅሙ ጓዳ ይገባል።
ሁሉም ቁመቱ አንድ ከሆነ፣ ሁሉም በር ላይ ይቀራል።»

ማክሰኞ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ከቢላው ስር ሸጎጥኩ
የሰርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ፤ ረድፍ እየዘለልኩ አስረዘምኩ፤
ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት፣ ክር በክር፣ አሾልኩ፣
እንደ ጥጃ ሽፋሽፍት እስኪለሰልስ ድረስ።

በራሴ አፍ ሞከርኩት፣ ከጓሮው ቧንቧ ስር።
ድዴ አልደማ። ምላሴ መንጋጋዬን ሲዞር፣
የማያውቀው ክፍተት አገኘ፤
ዕድሜ ልኩን ደጁን ዘግቶ የኖረ ጎረቤት
ያን ሌሊት በሩን እንደከፈተ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አቶ አራጋው። «ዶሮ የጫረችው!
ወጣ ገባ ብሩሽ ማነው የሚገዛው?
ሰው ብሩሽ የሚመርጠው በጥርሱ መሰለህ? በዓይኑ ነው!»
ሰማያዊው መዝገብ ላይ «አሥራ ሁለት፣ ብልሽት» ብሎ ጻፈ፤
ዋጋው ከደሞዜ ላይ አለፈ።

አንዷን ለሙሄ ወሰድኩለት። ገልበጥ አርጎ አያት፣
አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለት።
«ለኔማ፣ ልጄ፣ አገሩ ሁሉ ፍንጭት ሆነብኝ፤
ለማን እንደሠራሃት አላጣሁትም፣ ለሷው ስጥልኝ።»

ሰኞ ጠዋት። ማሽኗ፣ ጣ! ጣ! ጣ!
ቢላው ሜዳውን ሊሠራ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ፣
የሙሄን ብሩሽ በኪሴ ይዤ
የብልሽቱን ካርቶን ከፈትኩ።
አሥራ አንድ መሆን ነበረበት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
አሥር።

ከማሸጊያው ክፍል ሳቅ ተሰማ፤ ቀና አልኩ።
ሉባባ በሩ ላይ ቆማለች፣
ሁለት እጇ ካርቶን እንደያዘ፤
ሻሿን አልነካችም።