ቢረሳው

ስሙን ሲነግረኝ ነው መጠርጠር የነበረኝ፤
"ቢረሳው" አለና እጄን ጨብጦ አሳመነኝ።

አሸዋ ገበያ "ኢንጂነር" ነው ስሙ፣
ካርድም አሳትሟል ከነማኅተሙ።
እኔ እስከማውቀው ግን፣ ዲግሪው ከጆሮው ላይ
የሰካት እርሳስ ናት፣ ቀረብ ብሎ ለሚያይ።

ቤቱ የአባቴ ነው፤ ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር።
አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ፣
ቧንቧውን በእጁ ዘረጋ፣ ግንቡን በመሮ ሰርስሮ።
የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ግማሹ ኖራ ነው፤
ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ እንደ ቅርፊት ነው የሚይዘው።
ጉሮሮው ጠቦ እንደ አባቴ፣ የኋላ የኋላ፣
ያስላል፣ ጠብ ያደርጋል፤ ሲነጋጋ እንኳ ባልዲ አይሞላ።

"ይቀየር" አልኩኝ። ያን ቀን ምነው ምላሴ በታሰረ።
ቢረሳው መጣ፤ ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቱ ቆረቆረ፣
ጆሮውን ለጠፈ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣
"እትዬ፣ ይሄ ቤት ታሟል" አለኝ፤ "ግን ሰው እጅ ገብቷል፤ አይዞሽ፣ ዳነ።"
ሳቅሁ።
ቀብዱን ስቆጥርለት ስለ አንድ ባለ ባጃጅ ቀልድ ነገረኝ፤
ሠላሳ ሺህ ልስጥ አርባ፣ ሳቁ አስረሳኝ።
ውል? "ኧረ አቦ! በእኔና በአንቺ መሃል ወረቀት?"

ሰኞ ገቡ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ መሮ፣ አንድ መዶሻ፤
ሐሙስ ላይ ቤቴ ዳር እስከ ዳር ቦይ ሆነ፣ የተቆፈረ እርሻ።
ስድስት ሰዓት ሲል መሮው ባለበት ይወድቃል፤
"መጣሁ" ይላል ቢረሳው፤ በርጫው ይጠብቀዋል።
"መጣሁ" በእሱ ቋንቋ ነገ ማለት ነው፤
የእሱ "ነገ" ደግሞ መዝገበ ቃላት የለው።

እኔ ከአቧራው ጋር እቀራለሁ፤ ከኢብሳ ጋርም፣
ከመልካ ጀብዱ የመጣ ልጅ፤ ዐሥራ ስምንት ቢሞላው ነው፤ ብዙ አይናገርም።
ቧንቧ ሲቆርጥ ብቻ ምላሱን በጥርሱ ይነክሳል፤
ምሳ ስሰጠው ግማሹን በፌስታል ቋጥሮ ያነሳል።

"አሮጌውን ቧንቧ አውጥተናል፤ የማውጫ ስምንት ሺህ" አለ ቢረሳው፤
ከፈልኩ። "የጣሊያን ቫልቭ ነው፣ ኦሪጅናል!" ከፈልኩ። ግንቡን ሴራሚክ ሲያለብሰው
እውነት እላለሁ አማረ፤ ነጭ፣ እንደ ሠርግ ቤት አበራ፤
የቀረችውን ሰጠሁት፤ መረቀኝና ወጣ፣ ባጃጅ ጠራ።

ውሃችን በፈረቃ ነው፤ በየአራት ቀኑ፣ ሌሊት ይመጣል።
በዘጠኝ ሰዓት ሰማሁት፤ ግንቡ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል፤
ከዚያ ጧ!
ሻወሩ ዝም አለ፤ ያለቀሰው ሶኬቱ ነው።
ደቻቱ ሌሊት ሲሞላ ያየ ሰው የውሃ ድምፅ አይለምድም፤
እግሬ ቀድሞኝ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ ዕድሜዬን አልጠየቀም።
ቫልቩ የት ነው? ቫልቩ! ወርጄ በጉልበቴ ዳሰስኩ፤
ነጭ ሴራሚክ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ ዳር እስከ ዳር። ደወልኩ።
"የደወሉላቸው ደንበኛ..." አለችኝ ሴትየዋ።

ኢብሳ ሲነጋ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤
ሃያ ሁለት ቀን ሠርቶ፣ ቢረሳው ለእሱም አልከፈለውም።
ከበሩ ጀምሮ ቆጠረ፤ ሦስተኛዋ ሴራሚክ ላይ ቆመ፤
"ይቅርታ" አላት (ሴራሚኳን!)፤ መታት፤ ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ታተመ።
ከሥሯ ቫልቩ፤ ከቫልቩ ጎን ቀይ ዝገት የለበሰ
የአባቴ ቧንቧ፤ "ወጣ" ተብሎ ስምንት ሺህ ብሬን ያስፈሰሰ።
አልወጣም። እዚያው ነበር። ኢብሳ በቁልፉ ኳ! ኳ! አደረገው፤
"ይሄኛው ጤነኛ ነው" አለኝ፤ ጉሮሮውን በሽቦ ጠረገው።

አሁን አንድ ቧንቧ አለኝ፣ ወጥ ቤት፤ የአባቴ፤ ቀስ ብሎ የሚያስል።
ሻወሩ ለእንግዳ ነው፤ ማለቴ ለማየት፣ ፎቶ ይመስል።
እኔ በጆግ።

ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ፣ ሎሚ ስመርጥ፣ ከባጃጅ አንድ ድምፅ ጠራኝ፤
"እትዬ ውድነሽ! ቤቱስ?" ስድስት ወር ያጠናሁት ስድብ ጠፋኝ።
"ስምሽ ውድ ነው እንጂ፣ እኔ በርካሽ ነው የሠራሁልሽ" አለኝ፤
አባቴ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይል ነበር። ሳቄ አመለጠኝ።
ታርጋውን እንኳ ሳልይዝ፣ ባጃጁ ወደ ሳቢያን ታጠፈ።